ቢሊዮን፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ቁጥር

በገንዘብ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚነሣው የወረቀት ገንዘቦች መካከል ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ተመልካቹን ግራ የሚያጋባ ነገር ይገኝባቸዋል። አንደኛው ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1924 የሚል ቀን የተጻፈበት የጀርመን ራይኽስባንክ ኖት ነው፤ ሁለተኛው የዚምባብዌ ሪዘርቭ ባንክ በ2009 መጀመሪያ ላይ ያወጣው ኖት ነው። ሁለቱም የሚወክሉት ቁጥር አንድ ነው፤ 1 ተጽፎ 14 ዜሮ ይከተለዋል። ይሁን እንጂ የጀርመኑ ኖት «አንድ መቶ ቢሊዮን ማርክ» ይላል፤ የዚምባብዌው ደግሞ «አንድ መቶ ትሪሊዮን ዶላር»። ከአታሚዎቹ አንዱም አልተሳሳተም። ጀርመኖች ቢሊዮን የሚሉት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዛሬ ትሪሊዮን የሚለውን ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቢሊዮን የሚለውን ደግሞ ጀርመኖች በሌላ ስም፣ ሚልያርድ ብለው ይጠሩታል።

ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በአጻጻፍም በድምፅም እምብዛም የማይለያየው ይህ ቃል በአውሮፓ ውስጥ ሁለት ትርጉም አለው። በአንደኛው ወገን አንድ ሺህ ሚሊዮን፣ ማለት 1,000,000,000 ነው፤ በሌላው ወገን ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን፣ ማለት 1,000,000,000,000 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ መሆኑ ሲታሰብ፣ ቁጥር የዕለት ሥራው ለሆነ ባለሙያ ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ሥር ወጥተው በልዩ ልዩ ቋንቋ የተለያየ ትርጉም የያዙ ቃላት በአውሮፓ አያሌ ናቸው። ከሁሉም የታወቀው ምሳሌ «ጊፍት» የሚለው ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ ነው፤ በስዊድንኛ ደግሞ በአንድ በኩል መርዝ፣ በሌላ በኩል ባለትዳር ማለት ነው። ሥሩ «መስጠት» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በአንዱ አገር ለወዳጅ የሚሰጠው፣ በሌላው ለበሽተኛ ወይም ለጠላት የሚሰጠው፣ በሦስተኛው ለባል የምትሰጠው ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ቃል ጀማሪውን ተርጓሚ ለጊዜው ያሳፍረው ይሆናል እንጂ ብዙ ጉዳት አያደርስም፤ በልደት ቀን መርዝ እንደማይበረከት አንባቢው ሁሉ ያውቃልና ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ስሕተቱን ያጋልጠዋል። የቁጥር ስም ግን ይህ ጠባቂ የለውም። «የመንግሥቱ ዕዳ 3 ቢሊዮን ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሁለቱም ትርጉም ይነበባል፤ በሁለቱም ያለ እንከን ይሄዳል። ከጽሑፉ ውስጥ «ተሳስተሃል» ብሎ የሚጮህ ምንም ነገር የለም።

የነገሩ መነሻ ከቢሊዮን በፊት በነበረው ቃል፣ በሚሊዮን ላይ ይገኛል። ሮማውያን ከሺህ በላይ ለሆነ ቁጥር የተለየ ስም አልነበራቸውም። ሚሊዮንን መናገር ሲፈልጉ «ዐሥር ጊዜ መቶ ሺህ» ይሉ ነበር። ግሪኮች በዚህ ረገድ የተሻሉ ነበሩ፤ ዐሥር ሺሕን «ሚርያድ» ብለው በአንድ ቃል ይጠሩት ነበርና። የግእዝን አኃዝ የሚያውቅ ሰው ይህ አቆጣጠር እንግዳ አይሆንበትም፤ እልፍ የራሱ ስምና የራሱ ምልክት (፼) ስላለው ሚሊዮንን በ፻፼፣ ማለት በመቶ እልፍ መጻፍ ይቻላል። የዛሬዎቹ ግሪኮችም ሚሊዮንን የሚጠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቃላቸው ሲተረጐም «መቶ እልፍ» ማለት ነው። ከአውሮፓ ቋንቋዎች መካከል የጣልያንን ቃል ሳይዋስ የቀረ ትልቅ ቋንቋ ቢኖር ግሪክኛ ነው።

ሚሊዮንን የፈጠሩት የጣልያን ነጋዴዎችና ሒሳብ ዐዋቂዎች ናቸው። በጣልያንኛ የአንድን ነገር ትልቅነት ለማመልከት በስሙ መጨረሻ ላይ «ኦኔ» የሚል ድምፅ ይጨመራል። «ሚሌ» የሚለውን የሺህ ስም ወስደው ይህን ሲጨምሩበት «ሚሊዮኔ» ሆነ፤ ትርጉሙም «ታላቅ ሺህ» እንደ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ላይ የተወለደው ይህ ቃል ከንግድ ጋር በመላው አውሮፓ ተሠራጨ፤ በትርጉሙም ላይ ያን ያህል ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። በኢትዮጵያ ለልጅ ስም እስከ መሆን የደረሰውም ያለ ምንም ጥርጥር ትልቅነቱ ብቻ ስለሚሰማ ነው። ጣጣው የመጣው ከሚሊዮን በኋላ ምን ይባል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት ፈረንሳውያን ናቸው። በ1475 ዣን አዳም የተባለ ሰው በጻፈው የሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ «ቢሚሊዮን» እና «ትሪሚሊዮን» የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1484፣ ኒኮላ ሹኬ የተባለ ምሁር ሊዮን በምትባለው የንግድ ከተማ ተቀምጦ ስለ ቁጥሮች ሳይንስ ባለ ሦስት ክፍል ድርሳን ጻፈ። በዚህ ድርሳን ውስጥ ቃሎቹ አጥረው «ቢሊዮን»፣ «ትሪሊዮን»፣ «ኳድሪሊዮን» እያሉ እስከ «ኖኒሊዮን» ድረስ በተርታ ተሰልፈው ይገኛሉ። ሹኬ ያሰበው እጅግ ቀላልና የተስተካከለ ነበር። ረጅሙን ቁጥር ከቀኝ ወደ ግራ በስድስት በስድስት አኃዝ ከፋፈለው፤ የመጀመሪያውን ክፍል ስም አልባ ተወው፤ ሁለተኛውን ሚሊዮን፣ ሦስተኛውን ቢሊዮን፣ አራተኛውን ትሪሊዮን አለው። በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው የላቲን ቁጥር ሚሊዮን ስንት ጊዜ በራሱ እንደ ተባዛ ይናገራል፤ «ቢ» ሁለት ጊዜ፣ «ትሪ» ሦስት ጊዜ። ስሙን የሰማ ሰው ዜሮውን ለማወቅ በስድስት ማባዛት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሥርዓት ሁሉ በዚህ ግልጽነት ሹኬን አልበለጠውም።

ድርሳኑ ግን ዕድለኛ አልነበረም። ሹኬ ከጻፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ፤ የእጅ ጽሑፉም ኤቲየን ደ ላ ሮሽ በተባለ የከተማው ሰው እጅ ገባ። ይኸ ሰው በ1520 ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ከሹኬ ድርሳን ብዙውን ገልብጦ በራሱ ስም አወጣው። የሹኬ ድርሳን ራሱ ማተሚያ ቤት የገባው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1880 ነው። ቃሎቹ ግን ከባለቤታቸው ስም ተለይተው ጉዞአቸውን ቀጠሉ።

የሹኬ ሥርዓት አንድ ጉድለት ነበረበት። በሚሊዮንና በቢሊዮን መካከል ስድስት ደረጃ ስላለ፣ መካከለኛው ቁጥር «ሺህ ሚሊዮን» ከመባል በስተቀር የራሱ ስም አልነበረውም። ይህን ባዶ ቦታ የሚሞላ «ሚልያር» የሚል ቃል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ብቅ አለ፤ ትርጉሙ ወዲያውኑ ባይረጋም በመጨረሻ ለሺህ ሚሊዮን ስም ሆነ። ዛሬ ጀርመኖች፣ ሆላንዶች፣ ፖሎች፣ ጣልያኖችና ስዊድኖች በየአነጋገራቸው አስተካክለው የሚጠሩበት ቃል ይኸው ነው።

ሹኬ የተከለው ሥርዓት በዚህ ማሻሻያ ሳይናወጥ ሊኖር ይችል ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን በፈረንሳይና በጣልያን ያሉ የሒሳብ መምህራን ረጅም ቁጥሮችን በስድስት ፈንታ በሦስት በሦስት አኃዝ መከፋፈል ጀመሩ። ዓይን ስድስት አኃዝን በአንድ ጊዜ ለማንበብ ይቸገራል፤ ሦስቱን ግን በአንድ አፍታ ያያል። በዚህም ረገድ ትክክል ነበሩ፤ ዛሬ አብዛኛው ዓለም ቁጥር የሚጽፈው በእነርሱ መንገድ ነው። የተሳሳቱት ክፍሉን ሲቀይሩ ስሙንም አብረው ማዛወራቸው ነው። ለእያንዳንዱ ባለ ሦስት አኃዝ ክፍል አዲስ ስም ያስፈልጋል ብለው የሹኬን ቃላት በተርታ አደሉት፤ ከሚሊዮን ቀጥሎ ያለው ክፍል ቢሊዮን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ትሪሊዮን ሆነ። ለምሳሌ 325,476,198,407 የሚለው ቁጥር በቀድሞው አቆጣጠር «325 ሺህ ከ476 ሚሊዮን፣ 198 ሺህ ከ407» ይባል የነበረው፣ በአዲሱ «325 ቢሊዮን፣ 476 ሚሊዮን፣ 198 ሺህ፣ ከ407» ተባለ። አዲሱ ለንባብ እንደሚቀል የሚካድ አይደለም። ነገር ግን «ቢ» ሁለት፣ «ትሪ» ሦስት ማለታቸው ከዚያ በኋላ ምንም ነገር መናገር አልቻለም። በአዲሱ ቢሊዮን ውስጥ ሺህ በራሱ የሚባዛው ሦስት ጊዜ፣ በአዲሱ ትሪሊዮን ውስጥ አራት ጊዜ ነው፤ ስሙና ቁጥሩ በአንድ እየተዛነፉ ቀሩ።

እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ቃሉን ገና እየተማሩት ነበር። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1690 የታተመው ስለ ሰው ልጅ ማስተዋል የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ስለ ቁጥር በሚናገርበት ምዕራፍ ውስጥ አንድ እጅግ ረጅም ቁጥር በስድስት በስድስት አኃዝ ከፍሎ ከሚሊዮን እስከ ኖኒሊዮን ስም ሰጥቶት ይገኛል። ሎክ ይህን ያደረገው ሒሳብ ለማስተማር አልነበረም፤ ስም የሌለው ብዛት በአእምሮ ውስጥ ጥርት ብሎ ሊያዝ እንደማይችል ለማስረዳት ነበር። በአገሩ የተለመደው አጠራር «የሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን» እያሉ መደጋገም መሆኑንም አመልክቷል፤ ከዚህም ቢሊዮን የሚለው ቃል በዘመኑ ለእንግሊዞች ገና ብርቅ እንደ ነበረ መረዳት ይቻላል። ዘግይተው የተቀበሉትን የሹኬን ቢሊዮን ግን እንግሊዞች አጥብቀው ያዙት፤ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም አልለቀቁትም።

በአትላንቲክ ማዶ የነበሩት ቅኝ ግዛቶቻቸው ግን ሌላ መንገድ ተከተሉ። በ1729 የሃርቫርድ ኮሌጅ መምህር የነበረው አይዛክ ግሪንውድ ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ቢሊዮን የሺህ ሚሊዮን ስም ሆኖ ይገኛል። ይህ በፈረንሳይ የሠለጠነው አዲሱ አቆጣጠር ነበር። አሜሪካኖች ነፃ ከወጡም በኋላ ይህንኑ አጸኑት። እንግዲህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ካርታ በቁጥር ስም ቢሣል፣ ፈረንሳይና አሜሪካ በአንድ ወገን፣ እንግሊዝና ጀርመን በሌላ ወገን ሆነው ይታዩ ነበር። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተገለበጠ ነውና።

በዚያው ክፍለ ዘመን ሚልያር ከሒሳብ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሕዝብ አፍ ገባ። ያስገባውም ገንዘብ ነው። በ1825 በንጉሥ ሻርል ዐሥረኛ ዘመን፣ በአብዮቱ ጊዜ ርስታቸው ለተወረሰባቸው ስደተኛ መኳንንት ካሣ እንዲከፈል ሕግ ሲወጣ ፈረንሳውያን ነገሩን «የስደተኞቹ ሚልያር» ብለው ጠሩት። ከዚያ የከፋው በ1871 መጣ። ፈረንሳይ በፕሩሲያ ድል ሆና በፍራንክፈርት ውል የአምስት ሚልያር ፍራንክ የጦር ካሣ ተጣለባት። ፈረንሳውያን ዕዳውን ከቀጠሮው በፊት፣ በ1873 ከፍለው ጨረሱ፤ «አምስቱ ሚልያርዶች» ግን በሁለቱም አገር የትውልድ መነጋገሪያ ሆነው ቀሩ። ለብዙ ጀርመናዊ ሚልያርድ የሚለውን ቃል ያስተዋወቀው የሒሳብ መምህሩ ሳይሆን ይህ ወርቅ ነው።

የሹኬ ድርሳን ከተረሳበት ወጥቶ የታተመው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። አሪስቲድ ማር የተባለው ፈረንሳዊ ምሁር በ1880 ሲያሳትመው፣ ቢሊዮንን ሺህ ሚሊዮን እያለ የሚቆጥረው የአገሩ ሕዝብ፣ ከቃሉ የመጀመሪያ ባለቤቶች አንዱ የሆነው የገዛ ወገኑ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ይለው እንደ ነበር በጽሑፍ አየ።

ቢሊዮን ራሱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ገበያ የወረደው ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጀርመን የገንዘብ ግሽበት በ1923 ከልክ ሲያልፍ መንግሥት ኖት ለማተም ጊዜ አጣ። ዲሴምበር 1922 የሚል ቀን በያዘው የአንድ ሺህ ማርክ ኖት ላይ በቀይ ቀለም «አንድ ሚልያርድ ማርክ» የሚል ተደርቦ ታተመበትና ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ሚልያርዱም ዋጋ አጣ፤ ቢሊዮን የተጻፈባቸው ኖቶች ተከተሉ። በኖቬምበር 20 ቀን 1923 የአንድ ዶላር ዋጋ 4.2 ቢሊዮን ማርክ ላይ ቆመ፤ አዲሱ ሬንተንማርክም በአንድ ቢሊዮን የወረቀት ማርክ ተመነዘረ። እነዚህ ቢሊዮኖች ሁሉ የሹኬ ቢሊዮኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 12 ዜሮ አላቸው። ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው 4.2 ትሪሊዮን ይላል። ከጀርመንኛ ሰነድ ላይ «4.2 ቢሊዮን»ን እንዳለ ገልብጦ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ አማርኛ የሚያዛውር ጸሐፊ የማርክን ዋጋ ሺህ ጊዜ ከፍ አድርጎ ያቀርባል። በእንዲህ ያለ ዘመን ደግሞ የትኛውም ቁጥር ሊታመን የሚችል ስለሚመስል ስሕተቱን አይቶ የሚደነግጥ አንባቢ አይገኝም።

የሃንጋሪው ከዚህም ይብሳል። በ1946 ፔንጎ የተባለው የሃንጋሪ ገንዘብ ሲወድቅ ዜሮውን ለመቀነስ «ቢ ፔንጎ» የሚል መጠሪያ ተፈጠረ። «ቢ» የተባለው ቢሊዮን ለማለት ነው፤ ስለዚህ አንድ ቢ ፔንጎ 1,000,000,000,000 ፔንጎ ነበር። ለሕዝብ ከተሠራጩት ኖቶች ሁሉ ትልቁ የመቶ ሚሊዮን ቢ ፔንጎ ኖት ነው፤ ቢዘረዘር 1ን ተከትሎ 20 ዜሮ ይጻፍ ነበር። ያችን አንዲት የ«ቢ» ፊደል በአሜሪካ ትርጉም ያነበበ ሰው ግን 17 ዜሮ ብቻ ያገኛል። በኦገስት 1 ቀን 1946 ፎሪንት የተባለው አዲስ ገንዘብ ሲወጣ አንዱ የተመነዘረው በ4 እና በ29 ዜሮ ፔንጎ ነው። ሃንጋሪዎች ይህን ቁጥር «400 ሺህ ኳድሪሊዮን» ይሉታል፤ አሜሪካኖች «400 ኦክቲሊዮን» ይሉታል። በዚህ ደረጃ ላይ ስሞቹ ለሰው ጆሮ ምንም የማይነግሩ ሆነዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩን በስምምነት ለመጨረስ ተሞከረ። በ1948 የሚዛንና የመስፈሪያ ጠቅላላ ጉባኤ ዓለም አቀፍ የመለኪያ ሥርዓት እንዲቋቋም የቀረበለትን ጥያቄ ሲመለከት፣ አብሮ ከቀረበው የፈረንሳይ መንግሥት ረቂቅ ውስጥ መንግሥታት ሁሉ ወደ ስድስት በስድስቱ አቆጣጠር እንዲመለሱ የሚጋብዝ ሐሳብ ነበር። ሐሳቡ ታትሞ ተሠራጨ፤ ውሳኔ ግን አላገኘም። ጉባኤው በ1960 የመለኪያውን ሥርዓት ሲያጸድቅ፣ ለሺህ ሚሊዮን «ጊጋ»፣ ለሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን «ቴራ» የሚሉ ቅድመ ቅጥያዎችን አቆመ፤ ስለ ቢሊዮን ግን ምንም አልተናገረም። መሐንዲሶችና የፊዚክስ ሰዎች በዚህ መንገድ ከጣጣው ወጡ። ገንዘብ የሚቆጥሩት ግን ውስጡ ቀሩ፤ «ጊጋ ብር» የሚል ባንክ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ፈረንሳይ ጉባኤውን ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ሜይ 3 ቀን 1961 በወጣ ድንጋጌ ቢሊዮን በሕግ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ሆነ፤ ለሺህ ሚሊዮን ሚልያር የሚለው ስም ጸና። የሦስት በሦስቱን አጠራር ለዓለም ያስተማረች አገር ራሷ ትታው ወደ ሹኬ ተመለሰች። ተማሪዋ አሜሪካ ግን የተማረችውን ይዛ ቀረች፤ በሀብቷና በጋዜጦቿ ብዛትም ዓለምን እያስተማረች ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ፈንታ ነው። በለንደን ጋዜጦችና በገንዘብ ነጋዴዎች ዘንድ የአሜሪካው ቢሊዮን እየገባ፣ በመዝገበ ቃላትና በትምህርት ቤት ደግሞ የአገሩ ቢሊዮን እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ሚኒስትር ቢሊዮን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማወቅ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። በዲሴምበር 20 ቀን 1974 ሮቢን ማክስዌል ሂስሎፕ የተባሉ የቲቨርተን እንደራሴ፣ ሚኒስትሮች ቃሉን በእንግሊዝ ትርጉሙ ብቻ እንዲጠቀሙ ያደርጉ እንደሆነ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ዊልሰን ጥያቄ አቀረቡ። ዊልሰን በጽሑፍ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ እንደማያደርጉት፣ ቃሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሺህ ሚሊዮን የሚል ትርጉም እንደ ያዘ፣ የእንግሊዝ ሚኒስትሮች በሌላ ትርጉም ቢጠቀሙበት ሰውን ግራ እንደሚያጋባ ገለጹ። በአገሩ ውስጥ አሁንም ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ተብሎ ሊተረጐም እንደሚችል አምነው፣ ባልደረቦቻቸው ቃሉን ሲጠቀሙ አሻሚ እንዳይሆን እንዲጠነቀቁ እንደሚያሳስቡም ጨመሩ።

«ዓለም አቀፍ» የሚለው አነጋገር በቅርብ ሲመረመር ከእውነቱ ይርቃል። እንግሊዝ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት በገባችበት የአውሮፓ ማኅበር ውስጥ ፈረንሳውያን፣ ጀርመኖች፣ ሆላንዶችና ዴንማርኮች ቢሊዮን ሲሉ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ማለታቸው ነበር። ዓለም አቀፍ የተባለው የዶላር ዓለም ነው። ሆኖም ውሳኔው የገንዘብ ሚኒስቴሩን አሠራር ተከትሎ ቀስ በቀስ በጋዜጣውም በትምህርት ቤቱም ሠለጠነ። በዚህም አኳኋን፣ ከ1961 እስከ 1974 ባሉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት ውስጥ ሁለቱ ጎረቤታሞች በባሕሩ ላይ ተላለፉ። በ1850 ፈረንሳዊው ቢሊዮን ሲል ሺህ ሚሊዮን፣ እንግሊዛዊው ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ማለቱ ነበር፤ በ1980 ፈረንሳዊው ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን፣ እንግሊዛዊው ሺህ ሚሊዮን ማለቱ ሆነ።

የቀሩት የአውሮፓ ቋንቋዎች እንደየጠባያቸው ሆኑ። እስፓኞች ቢሊዮንን በሹኬ ትርጉም ይይዛሉ፤ ሺህ ሚሊዮንንም በግልጽ «ሺህ ሚሊዮን» ይሉታል። በ1995 የእስፓኝ ቋንቋ አካዳሚ የቬኔዝዌላው ፕሬዚዳንት ራፋኤል ካልዴራ ባቀረቡት ሐሳብ «ሚልያርዶ» የሚለውን ቃል ተቀብሎ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢያስገባም፣ ሕዝቡ ግን እምብዛም አልወደደውም። ከእንግሊዝኛ የሚተረጐሙ ዜናዎች ቢሊዮንን እንዳለ እየያዙ በእስፓኝኛ ጋዜጦች ላይ መውጣታቸው የታወቀ የሙያ ስሕተት ነው። ፖርቱጋልኛ ደግሞ አንድ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ከሁለት ተከፍሏል፤ በሊዝቦን የሚነገረው ቢሊዮን በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከሚነገረው ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ከሁሉ የሚያስገርመው የሩሲያኛው ነው። ሩሲያኖች ከሚሊዮን በኋላ ሚልያርድ፣ ከሚልያርድ በኋላ በቀጥታ ትሪሊዮን ይላሉ፤ ቢሊዮን በዕለታዊ ንግግራቸው ውስጥ የለም። ቱርኮችም እንዲሁ ናቸው። ከሁለቱ ወገን አንዱንም ሳያስቀይሙ አከራካሪውን ቃል ዘለሉት ማለት ይቻላል። ግሪኮች ደግሞ የቆየውን እልፋቸውን እንደ ያዙ «ሁለተኛ መቶ እልፍ» በሚል ቃል ሺህ ሚሊዮንን ይጠራሉ፤ ቃሉ የራሳቸው፣ ስሌቱ የአሜሪካ ነው።

አማርኛ ቢሊዮንን የተቀበለው በእንግሊዝኛ ዛሬ በያዘው ትርጉም ነው። ለመሥሪያ ቤት፣ ለባንክና ለበጀት ሥራ አማርኛው ቢሊዮን 9 ዜሮ፣ ትሪሊዮኑ 12 ዜሮ አለው። ነገሩ በኢትዮጵያ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ እስካልገባ ድረስ የሚያሳስብ አይመስልም። ሆኖም የብድርና የእርዳታ ውሎች ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣልያንና ከእስፓኝም ይመጣሉ፤ የሒሳብ መግለጫዎችም ወደዚያ ይሄዳሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለ2018 በጀት ዓመት የጸደቀው የፌዴራል መንግሥት በጀት ከ1.9 ትሪሊዮን ብር በላይ ነው። ይህ ቁጥር ወደ ጀርመንኛ ሲዛወር 1.9 «ቢሊዮን» ተብሎ መጻፍ አለበት። የአማርኛውን ቃል አክብሮ «ትሪሊዮን» ብሎ የተወ ተርጓሚ የአገሪቱን በጀት በጀርመኖች ፊት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያበዛዋል፤ በሁለቱ ትሪሊዮኖች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቢሊዮኑ በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ነውና። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ በዕብራይስጡ የራዲዮ ዜና የሚሰሙት ቢሊዮንን ሳይሆን ሚልያርድን ነው፤ ትሪሊዮኑ ግን ከአማርኛው ጋር ይስማማል። በዐረብ አገሮች መልያርና ቢልዮን ሁለቱም ይነገራሉ፤ ትርጉማቸውም አንድ ነው፣ ሺህ ሚሊዮን።

በአውሮፓ ኅብረት ጽሕፈት ቤቶች የበጀት ሠንጠረዥ በልዩ ልዩ ቋንቋ ሲታተም፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ ቢሊዮን የተባለው በፈረንሳይኛው ሚልያር፣ በጀርመንኛው ሚልያርድ ተብሎ ይሰፍራል፤ በእስፓኝኛው ሺህ ሚሊዮን ይባላል። አኃዙ በሁሉም ዓምድ አንድ ነው። ይህ ለአዲስ ሰነድ የሚበቃ ጥንቃቄ ነው። ለአሮጌው ግን የሰነዱን ቋንቋ ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ በለንደን ከ1974 በፊት፣ በፓሪስ ከ1961 በፊት የታተመ መጽሐፍ ላይ ቢሊዮን የሚል ቃል ያገኘ አጥኚ፣ ቁጥሩን በማስታወሻው ላይ ከማስፈሩ አስቀድሞ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመትና ከተማ ለማየት ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስ አለበት።